አንድ ያልተዘጋ ቃል

መጀመሪያ የተሰማው ሳቅ ነው። ሳቅ ግን አይመስልም። «ሃ። ሃ። ሃ። ሃ። ሃ።» ይላል፤ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ በደንብ እንዳልተዘጋ ቧንቧ። ትንሽ ዝም ይልና በዚያው ድምፅ «ነፍስ ይማር» ይላል። ደግሞ ዝም ይልና «ዋው፣ ስታምሪ» ይላል። ከዚያ እንደገና «ሃ። ሃ። ሃ።»

ምንውየለት ፈለቀ ከአውቶቡስ ወርዶ ድምፁን ተከተለ። በ2061 ዓ.ም. የኮምቦልቻ ማኅደር ማዕከል የት እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው የለም። ሁሉም ሳቁን ተከትሎ ይደርሳል።

ከማዕከሉ አጥር ውጭ፣ በግንቡ ርዝመት ልክ፣ ለቃሚዎች ጃንጥላቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ድሮ በፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ይቀመጡ እንደነበረው ነው አቀማመጣቸው። የለቃሚ ሥራ ሰው በወጣትነቱ እዚህም እዚያም የበተነውን ጽሑፍ፣ ፎቶ፣ አስተያየትና ሳቅ ከያለበት ለቅሞ፣ አበጥሮ፣ በየዘርፉ ማስቀመጥ ነው። ይህን ማዕከሉ ራሱ በነጻ ይሠራል። ነገር ግን ተራ ደርሶ መስኮቱ ጋ ሲቀርቡ የሚመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «የተሰበሰበ ማኅደርዎን ይዘው መጥተዋል?»

ማኅደሩ ያልተሰበሰበ ሰው «ብትን» ይባላል። ብትን ሰው ዳቦ መግዛት ይችላል። አውቶቡስ መሳፈር ይችላል። መሞትም ይችላል። ዋስ መሆን፣ እድር ላይ እጅ አውጥቶ መናገር፣ ሽማግሌ ሆኖ መላክና ሠርግ ላይ መመረቅ ግን አይችልም።

ምንውየለት የመጣው ስለ ምርቃቱ ነው። ስድሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በከተማዋ መሪ ጨብጠው ከነዱት የመጨረሻዎቹ ሹፌሮች አንዱ ነበር። አንድ ልጁ ሀመልማል እሑድ ታገባለች። እናቷ የሞተችው ሀመልማል ሦስት ዓመት ሳይሞላት ስለሆነ፣ ጸጉሯን ጎንጉኖ ትምህርት ቤት ያደረሳት፣ ስትታመም አጠገቧ ያደረው እሱ ነው። ሊላት ያሰበውን ምርቃት ሃያ ዓመት ሙሉ በሐረጎ ቁልቁለት ላይ፣ ፍሬን እየረገጠ፣ ለብቻው ሲያዘጋጅ ኖሯል። ማኅደሩ እስከ ቅዳሜ ማታ ካልጠራ ግን የሚመርቃት የወረዳው መራቂ ነው። መራቂው ደመወዝተኛ ነው። ማኅደሩ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ያለ ነው፤ በሕይወቱ የጻፈው ስለ አየር ጠባይ ብቻ ነውና። ምርቃቱ አርባ ሰከንድ ይፈጃል። ስድስት መቶ ጥንዶችን በዚችው መርቋል።

ዕለቱ ዓርብ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለችው በሰማያዊው ጃንጥላ ሥር ያለችው ለቃሚ። ራህመት ትባላለች፤ አርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ እጇ ፈጣን፣ ምላሷም የማይዘገይ ሴት ናት። «ስንት ቦታ በትነዋል?»

«እኔ እንኳ ብዙም አልጻፍኩም ልጄ።»

«ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለኝ። ትናንት አንዱ ‹አንድም ቀን አልጻፍኩም› ብሎ ስድስት ሺህ ስድብ ለቀምኩለት። ጣትዎን ይስጡኝ።»

ጣቱን ሰጣት። የተለቀመውን ጮክ ብሎ የሚያነበው «ሰብስብ» የሚባለው መሣሪያ ሥራውን ጀመረ። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ የምንውየለት ወጣትነት በራህመት ጠረጴዛ ላይ በዘርፍ በዘርፍ ተደረደረ።

«ምግብ» አለች። «አራት መቶ ፎቶ። ሁሉም ሽሮ።»

«የተለያየ ሽሮ ነው እኮ!»

«ሰብስብ አንድ ነው ይላል። ሐዘን፤ ሦስት ሺህ አሥራ ሁለት ጊዜ ነፍስ ይማር ብለዋል። አሥራ አራቱ ሰዎች ግን ያኔ አልሞቱም ነበር።»

«ሞቱ ተብሎ ተወርቶ ነበራ!»

«ሁለቱ እስካሁን አሉ። አንደኛው ይቅርታ ጠይቀኝ ይላል። ይጠይቁታል?»

«ጠይቂልኝ። በሕይወት በመኖሩም ደስ ብሎኛል በይው።»

«ሰብስብ የሚያስተላልፈው ይቅርታ ብቻ ነው። በዓል…» ራህመት ቆም አለች። «የገናም እንኳን አደረሳችሁ አለ፣ የመውሊድም አለ፣ የጥምቀትም፣ የኢድም። ሰብስብ የየትኛው ነዎት እያለ ነው።»

«የወሎ ነኝ በይው።»

ራህመት በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች። ክፍት ቦታ ላይ የተሳቀ ሳቅ ይመዘገባል። ከዚያ ጠረጴዛውን አየት አድርጋ፣ «አልተቀበለውም። ‹ሌላ› የሚል ዘርፍ ውስጥ ከተተዎት» አለች። «እንግዲህ ዋናው ላይ ደረስን። ያቺ ቃል።»

«የቷ ቃል?»

ራህመት ግራ ቀኝ አየችና በጣቷ መዳፏ ላይ ጻፈችለት።

«አሜን?» አለ ምንውየለት።

በሰልፍ ላይ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩት። ከጎን ጃንጥላ ሥር አንዲት ሴት ለለቃሚዋ «ይሄ ልጄ ዘንድሮ በትምህርቱ ሰው ቢሆንልኝ» እያለች ነበር። ከጃንጥላው እጀታ ላይ ድምፅ ወጣ፤ «ምንውየለት ፈለቀ፣ ስምምነትዎ ተመዝግቧል።»

«ጋሼ! ምን አደረጉ?» ራህመት ብድግ አለች። «አሁን የሴትዮዋን ልጅ ማስተማር አለብዎት እኮ!»

ሄዳ ሴትዮዋን በስንት ልመና ስምምነቱን አስዘጋቻት። ሴትዮዋ መጀመሪያ አሻፈረኝ ብላ ነበር። ልጇ ሂሳብ ላይ ደካማ ነው።

ደንቡ ግልጽ ነው። አሜን ያለ ሰው በተባለው ነገር ተስማምቷል። የተስማማ ሰው ደግሞ ይፈጽማል፣ ወይም ቃሉን የተናገረው ሰው ይዘጋለታል። ከዚህ የተነሣ ሰው በየምርቃቱ ላይ ዝም ማለት ከለመደ ቆየ። ሽማግሌ «ውለዱ ክበዱ» ሲል ሙሽሮች ጫማቸውን ያያሉ። እድርተኛው ጣሪያ ያያል። አንዳንዱ ጨዋ ሰው «ታይቷል» ይላል። «ታይቷል» ምንም አያስጠይቅም።

«ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ አርባ ጊዜ» አለች ራህመት። «ጋሼ፣ ሹፌር ነበርኩ አላሉኝም? መቼ ነበር የሚነዱት?»

«‹ሳትሉ እንዳታልፉ› ይላል እኮ ጽሑፉ! ‹ያለፈ ሰው በሰባት ቀን ውስጥ ክፉ ወሬ ይሰማል› ይል ነበር። ምን ላድርግ? እናቴ ታማ ነበር፣ ፈራሁ።»

«ይህን ያነበበ ሁሉ ዘንድሮ ቪላ ይሠራል። አሜን ብለዋል። ይህን ያየ ሁሉ በቅርቡ ቪላ ይገባል። አሜን። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቪላ። ሰብስብ የት የት ናቸው ይላል።»

«ያለሁት የቀበሌ ቤት ነው፤ ጣሪያው ራሱ ያፈሳል።»

«መንታ ይወለድልዎታል የሚል አርባ ስድስት ጊዜ።»

«አንድ ልጅ ነው ያለኝ።»

«ዘጠና አንድ ልጅ ይጎድልዎታል፣ አንዷን ልጅዎን ቀንሼልዎት።» ራህመት ጣቷን በጠረጴዛው ላይ አንሸራተተች። «አይፍሩ። የተናገረው ሰው ከሞተ ቃሉ በራሱ ይዘጋል። ቆይ ልይልዎ… ቪላዎቹን የጻፈው ሰውዬ አንድ ነው። ሞቷል።»

«ነፍስ ይ…» ብሎ ምንውየለት አፉን ያዘ።

«ጎበዝ፤ እየለመዱ ነው።»

ከዘጠኝ ሺህ በላይ የሚሆነው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ በጅምላ ተዘጋ። አብዛኞቹ መራቂዎች ሞተዋል። የቀሩት ለራሳቸው ሲሉ ዘግተዋል፤ እነሱም የሌላ ሰው አሜን ተሸክመዋልና። ራህመት ውሃ ጠጣች። ጠረጴዛው ላይ አንድ መስመር ብቻ ቀርቷል።

«ይቺ አልዘጋ አለች» አለች። «የጻፈችው ሴት በሕይወት አለች። ዝናሽ ትባላለች። እዚሁ ኮምቦልቻ ናት፣ ከቦርከና ማዶ።»

«ምን ይላል?»

ሰብስብ በዚያው የቧንቧ ድምፁ አነበበው። «ይህ አባቴ ነው። ሰኔ አራት ቀን ጠዋት ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። ቡናማ ጃኬት ለብሷል። አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፣ ሌላ ሰው የለኝም። ይህን ያየ ሁሉ ፈልጎ ያገናኘኝ። አሜን በሉ። ምንውየለት ፈለቀ፤ አሜን።» ሰብስብ በጊዜ ቅደም ተከተል ስለሚያነብ ቀጠለ። «ምንውየለት ፈለቀ፣ ባርኔጣ ስላደረገ ፍየል፤ ሃ። ሃ። ሃ። ሃ። ሃ። ሃ።»

ራህመት ድምፁን አጠፋችው። «በመሃል ዘጠኝ ሰከንድ አለ» አለች። ይህን ስትናገር አልሳቀችም።

ምንውየለት ፎቶውን አየው። ግንባሩ ሰፊ፣ ፂሙን የተላጨ ሰው ነው። ሰውዬውን ለማስታወስ ሞከረ። ፍየሉ ትዝ አለው።

*

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የዝናሽን ልብስ ስፌት ቤት አገኘው። ስድሳ ሦስት ዓመት የሞላት፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ገና በሩ ላይ ሲቆም የመጣበትን አወቀች።

«የአሜን ነዎት» አለች።

«አዎ እመቤት።»

«ይግቡ። መቼ ነው ሠርጉ?»

«በምን አወቁ?»

«ከነገው በፊት ዝጊልኝ የሚለኝ ሁሉ ሠርግ አለበት። ወይ ምርጫ።» መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። «ስንት ሰው የመጣ ይመስልዎታል? በግ እየጎተተ የመጣ አለ። አንዱ ደግሞ አልቅሶልኝ ሄዷል፤ ኋላ ስሰማ ተዋናይ ኖሯል። ከሁለት ሺህ በላይ ነበሩ አሜን ያሉት፤ ዛሬ ያሉት ሦስት መቶ አይሞሉም። ለማንም አልዘጋሁም።»

ምንውየለት ኮፍያውን በእጁ አሽከረከረ። «ልጄን ያሳደግኳት ብቻዬን ነው። ልመርቃት ብዬ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።»

«ይመርቋታላ። ቃሉ ምን ይላል? ገንዘብ ስጡኝ ይላል? ፈልጎ ያገናኘኝ ነው የሚለው። ግማሽ ቀን በእግር ከፈለጉ እዘጋለሁ፤ ደንቡም ይፈቅዳል። ይህን ስላቸው ሁሉም ስልካቸውን አውጥተው ይፈልጋሉ። ከሰባት ደቂቃ በላይ የፈለገ አላየሁም።»

«ሰውዬው… አባትዎ… አሁን ስንት ይሆናቸዋል?»

«ዘጠና ስምንት።»

ምንውየለት ኮፍያውን አደረገና፣ «ከየት እንጀምር?» አላት።

ከመናኸሪያ ጀመሩ። ዝናሽ ከመሳቢያ ያወጣችውን የወረቀት ፎቶ ሰጠችው። ጠርዙ ተበልቷል። ምንውየለት የመጀመሪያውን ሰው አስቆመ፤ ሻንጣ የሚጎትት ጎልማሳ ነበር።

«ይቅርታ ወንድም፣ ይህን ሰው አይተውት ያውቃሉ?»

ጎልማሳው በፎቶው ላይ ዓይኑን ጣል አደረገ። «ታይቷል» አለና ሄደ።

«አይቶታል ማለት ነው?» አለ ምንውየለት።

«ፎቶውን አየሁ ማለቱ ነው። ይቀጥሉ» አለች ዝናሽ።

ታይቷል። ታይቷል። አንዲት ልጅ ፎቶው ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠይቃ «አርባ ስምንት» ሲላት፣ የድሮ ነገር ስለምትወድ ከፎቶው ጋር ራሷን ፎቶ አንሥታ ሄደች። አንድ ፖሊስ ፈቃድ እንዳለው ጠየቀው። ሰው ለመፈለግ ፈቃድ እንደማያስፈልግ ራሱ ፖሊሱ በስልኩ ካረጋገጠ በኋላ «ታይቷል» ብሎ ሄደ። እስከ አራት ሰዓት ድረስ ሠላሳ አንድ ሰው ጠየቁ። ሀመልማል ሁለት ጊዜ ደወለች። ጸጉሯን እየተሠራች ነበር፤ ከኋላዋ የሴቶች ጫጫታ ይሰማል።

«አባዬ፣ ተዘጋልህ?»

«እየፈለግኩ ነው ሀሙ።»

«ምንድን ነው የምትፈልገው? ዝም ብለህ ዙርላትና አስዘጋ እንጂ! የወረዳው ሰውዬ ደውሎ ‹ልምጣ ወይስ ልቅር› እያለኝ ነው።»

«እንዳይመጣ በይው።»

«እንዴት ልበለው? ካልተዘጋስ?»

ስልኩን ዘጋው።

አምስት ሰዓት አካባቢ፣ በመውጫው በር ጥላ ሥር ሶፍትና ማስቲካ ደርድሮ የሚሸጥ ሽማግሌ ጋ ደረሱ። አንድ ዓይኑ ነጭ ነው። ፎቶውን ተቀብሎ ለጤነኛ ዓይኑ አስጠግቶ ያዘው፤ አልመለሰውም።

«ቁመቱስ?» አለ።

ምንውየለትና ዝናሽ ተያዩ።

«ምን አሉ?» አለች ዝናሽ።

«ቁመቱ እንዴት ነው ነው የምልሽ። ፎቶ ቁመት አያሳይ።»

«እርስዎ… እንዲህ ሲናገሩ አይፈሩም?»

«ብትን ነኝ እኔ» አለ ሽማግሌው። «ከተወለድኩ አንድ ነገር ጽፌ አላውቅ። ምኔን ይሰበስቡታል? በይ ንገሪኛ፣ ረጅም ነው?»

ዝናሽ መነጽሯን ከዓይኗ ላይ አወረደች። «መካከለኛ ነው። በር ሲያልፍ ግን ሳያስፈልገው ጎንበስ ይል ነበር።»

«ሲሄድስ?»

«ሲሄድ…» እጇ ብቻዋን ተነሥታ በአየር ላይ ወደ ግራ ዘንበል አለች። «ወደ ግራ ያዘነብላል። ትንሽ። በልጅነቱ እግሩ ተሰብሮ ነበር። ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም እኮ። እኔም ረስቼው ነበር መሰለኝ።» ሽማግሌው በርጩማውን ለቀቀላትና ተቀመጠች። ከዚያ ሳትጠየቅ ተናገረች፤ ሲያፏጭ ጥርሱ መሃል አየር እንደሚያመልጠው፣ ሎሚ ሲበላ ከነልጣጩ እንደሆነ፣ በዚያች ጠዋት ደብተር ሊገዛላት እንደወጣ። ምንውየለት ቆሞ ሰማ። አንዱን እንዳይረሳ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይደግመው ነበር።

«መርሳ ከተማ ላይ» አለ ሽማግሌው በመጨረሻ፣ «ወደ ግራ እየተጣለ የሚሄድ ሰው ነበር። የመስኖ ውሃ ጠባቂ ነው። ማታ ማታ ያፏጭ ነበር። ቆይቷል ግን።»

«ስንት ዓመት?» አለ ምንውየለት።

«እንጃ። አሥርም ይሆናል፣ አሥራ አምስትም። እኔ ምኑን ቆጥሬው!»

«መርሳ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ» አለች ዝናሽ።

«መስኖው ጋስ ወርደው ነበር?» አላት ምንውየለት።

ዝናሽ ተነሣች፣ ቀሚሷን አራገፈች። የመናኸሪያው ሰዓት ስድስት ሆኗል።

«ግማሽ ቀን ሞላ» አለች። «እርስዎ እስካሁን ከመጡት ሁሉ በላይ ፈልገዋል። በቃ ይበቃል። እኔም ደክሞኛል።» ስልኳን አውጥታ አውራ ጣቷን አሳረፈችበት።

ከየአቅጣጫው፣ ከበሩም፣ ከመብራት ምሰሶውም፣ ከምንውየለት ኪስም ያ የቧንቧ ድምፅ መጣ። «ምንውየለት ፈለቀ። ቃልዎ ተዘግቷል። ማኅደርዎ ጥርት ያለ ነው። እንኳን ደስ አለዎት። በነገው ዕለት ለመመረቅ ተፈቅዶልዎታል።»

ሦስት መንገደኞች አጨበጨቡለት። በደንቡ ጭብጨባ አያስጠይቅም።

ብዙም ሳይቆይ ሀመልማል በባጃጅ ደረሰች። ግማሽ ጸጉሯ ተሠርቷል፣ ግማሹ ቆሟል። እየሮጠች አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«ስልኬ ላይ መጣ አባዬ! ሰውዬውንም አስቀረሁት! ና እንሂድ፣ ሱፍህ እጅጌው ማጠር አለበት፣ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ እየጠበቀችህ ነው። እማማ፣ አመሰግናለሁ፣ እግዚአብሔር…» ብላ ለዝናሽ እጅ ልትነሣ ስትል አፏን ያዘች። «ታይቷል» አለች፣ በዓይኗ እንባ ሞልቶ።

ዝናሽ ፎቶውን ልትቀበል እጇን ወደ ምንውየለት ዘረጋች።

ምንውየለት ፎቶውን እያየ ነበር። ሰፊው ግንባር፣ የተላጨው ፂም። አሁን ሰውዬው በዓይኑ ሲሄድ ይታየው ነበር፤ ወደ ግራ ትንሽ ያዘነብላል።

«የወልድያ፣ በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ» አለ የመናኸሪያው ድምፅ። «ሁለት ደቂቃ።»

ሹፌር የሌለው ረጅሙ አውቶቡስ በሮቹን ከፈተ። ምንውየለት ኮፍያውን አስተካከለ። የልጁን ግንባር ሳማት። ፎቶውን በደረት ኪሱ ከተተና ወደ አውቶቡሱ ሄዶ ወጣ።

«አባዬ! የት ነው?» አለች ሀመልማል። «አባዬ! ነገ ሦስት ሰዓት ላይ እኮ ነው!»

ድሮ የሹፌር መቀመጫ በነበረበት ቦታ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። በመስታወቱ ውስጥ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ምን እንደሚል አይሰማም።

ዝናሽ እጇን እንደዘረጋች ነበረች። አውቶቡሱ በሰዓቱ ተነሣ።